ሎጎው ደርሷል፤ ገዢው መንገድ ላይ ነው

የዘንድሮ ልጅ ንግድ ሲጀምር መጀመሪያ የሚገዛው ሸቀጥ አይደለም፤ ሎጎ ነው። ቀጥሎ ስም ያወጣል። ስሙ አማርኛ ከሆነ ዕቃው የማይሸጥለት ይመስለዋልና ጎረቤቱ አንብቦ የማይጨርሰው የፈረንጅ ስም ይፈልጋል። ከዚያ ካርድ ያሳትማል፤ ካርዱ ላይ «መሥራችና ዋና ሥራ አስፈጻሚ» ይላል። ማንን እንደሚያስፈጽም አይታወቅም፤ ብቻውን ነው። ከዚያ ፎቶ ይነሣል፦ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ በጎን እያየ፣ ገና አንድ ጥንድ ጫማ ያልሸጠ ሰው የባንክ ፕሬዚዳንት መስሎ። ይኼ ሁሉ አልቆ፣ ገንዘቡም አብሮ አልቆ፣ እኔ ዘንድ ይመጣና «ጋሼ፣ እስቲ ምክር ይለግሱኝ» ይለኛል። ልጄ፣ ገንዘብ ካለቀ በኋላ የሚሰጥ ነገር ምክር አይባልም፤ ለቅሶ መድረስ ነው የሚባለው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት መርካቶ ነው። ከሸማ ተራ እስከ ሚሊቴሪ ተራ፣ ከቦምብ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ ቆሜ ያልተከራከርኩበት በረንዳ የለም። ደርግ በ1968 ባወጣው አዋጅ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200 ሺህ ብር፣ የጅምላው ደግሞ ከ300 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲደነግግ የአጎቴን ሱቅ እጠርግ ነበር። ያን ጊዜ ነጋዴ ያለውን አሳንሶ ማሳየት ተማረ፤ ሳጥኑ ሞልቶ ክርኑ ላይ የተጣፈ ኮት ለብሶ ይውላል። እነዚህ ደግሞ የሌላቸውን አሳብጠው ያሳያሉ። የሰው መኪና ተደግፈው ፎቶ ይለቃሉ፤ በማግሥቱ ዘመድ ሁሉ ብድር ሊጠይቅ ሲመጣ ይገርማቸዋል።

ወደ ዋጋው ልምጣ፤ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። አንዲት ልጅ ቴሌግራም ላይ ቦርሳ ትለጥፋለች። ከሥሩ ሕዝብ ተሰልፎ «ዋጋ?» «ዋጋ ስንት ነው?» «ዋጋ ፕሊስ» ይላል። መልሷ አንድ ነው፤ «ኢንቦክስ»። ዋጋ መናገር መቼ ነው እንዲህ የጓዳ ምስጢር የሆነው? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል፤ እኛ ተቆጣጣሪ በመጣ ቁጥር ካርቶን ቀደን እየጻፍን ስንለጥፍ ኖረናል። መርካቶም ዋጋ ክርክር ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው፤ ግን ክርክሩ የሚጀምረው ከተጠራ ዋጋ ነው። እኔ «ሺህ» እላለሁ፣ ሴትዮዋ «ስድስት መቶ» ትላለች፣ ትሄዳለች፣ እጠራታለሁ፣ ትመለሳለች። ወጉ ይኼ ነው። ኢንቦክስ ግን ገዢው ጠይቆ፣ ጠብቆ፣ ረስቶ፣ ሌላ ዘንድ ገዝቶ ካበቃ በኋላ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ «ሰላም ውዴ» የሚል መልስ ይደርሰዋል። «ለምን ትደብቂያለሽ?» ብዬ ብጠይቃት «ተፎካካሪ እንዳያየው ነው ጋሼ» አለችኝ። የኔ ልጅ፣ ተፎካካሪሽ በሌላ ስልክ ገብቶ ከጠየቀሽ ቆየ። መጠየቅ የሰለቸው ገዢው ነው።

የእህቴ ልጅም ከነዚሁ ወገን ነው። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ ታነባለች። ከመርካቶ ጫማ በጅምላ አንሥቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይሸጣል። አንድ እሑድ ቤት መጥቶ «ጋሼ፣ ሥራው ቀጥ ብሏል፤ በጥንድ 500 ብር አተርፋለሁ፤ ግን ገንዘቡ የት እንደሚገባ አላውቅም» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር በሕይወቴ ብዙ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። የሚሉት ሁሉ ከመዘጋታቸው በፊት ነው።

«እስክሪብቶ አምጣ» አልኩት። እስክሪብቶ የለውም። ሥራ አስፈጻሚ ነው፣ እስክሪብቶ የለውም! ከኮቴ ኪስ የራሴን አወጣሁና «ወረቀትስ?» ብለው የስም ካርዱን ሰጠኝ። ገልብጬ ጀርባው ላይ ጻፍኩበት፤ ካርዱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሠራ።

«ጫማው በስንት ይገዛል?»

«1,800 ጋሼ።»

«በስንት ይሸጣል?»

«2,300። ዲሊቨሪ ነፃ!» ነፃ ሲል ደረቱ ነፋ አለ።

«ሞተረኛው ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለማን ነው ነፃው?»

ለሞተረኛ 200 ብር። ሎጎ ለታተመበት ከረጢት 60 ብር፤ ጫማው የራሱ ካርቶን አለው፣ ከረጢቱ ካርቶኑን ለመሸፈን ነው። ከመርካቶ ለማመላለስ በጥንድ ሲካፈል 25 ብር። በትልልቅ ቻናል ለማስለጠፍና ለስልክ ፓኬጅ፣ በጥንድ 70 ብር። እስከዚህ ድረስ 355 ነው። «የሚመለስብህስ?» ስለው ዝም አለ። በስንት ጭቅጭቅ እንዳወጣሁት፣ ከሚልካቸው 10 ጥንዶች 2ቱ ይመለሳሉ፤ አንዱ «ጠበበኝ» ብሎ፣ አንዱ ስልኩን ዘግቶ። ሞተረኛው ደርሶ ስለተመለሰ የሁለት መንገድ ይቀበላል፤ በጥንድ 400፣ ለሁለቱ 800 ብር። ያ ዕዳ በተሸጡት 8 ጥንዶች ላይ ሲያርፍ 100 ብር ይደርሳቸዋል። ድምር 455። ከ500 ላይ ሲነሣ የቀረው 45 ብር ነው። እሱ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ካፌ ውስጥ 45 ብር ማኪያቶ አያስጠጣም።

ገና አልጨረስኩም። «ደመወዝህን የት ጻፍከው?» አልኩት። «የራሴ ሥራ እኮ ነው ጋሼ!» አለ። የራስህ ስለሆነ አትበላም? ትራንስፖርት ላይ «ባለቤት ነኝ» ብትል ያሳፍሩሃል? ለሌላ ሰው ብትቀጠር የሚከፈልህን ያህል ለራስህ ቆርጠህ ወጪ ላይ ጻፍ፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ ትርፍ በለው። ኪራይስ? ጫማው የተደረደረው እህቴ ሳሎን ነው። ሶፋው ጠፍቷል። እንግዳ ሲመጣ መኝታ ቤት ነው የምታስቀምጠው፤ የነፍስ አባቷ እንኳ በቀደም ቁጥር 41 ካርቶን ላይ ተቀምጠው ጸበል ረጩ። ይኼን እሱ «ወጪ የሌለው መጋዘን» ይለዋል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዘረዘርኩለት። የሞተሩን ሒሳብ ገዢው ይክፈል፣ ያውም ሞተሩ ሳይነሣ በቀብድ መልክ ይላክ፤ 200 ብር የላከ ሰው ስልኩን አይዘጋም። «ቁጥርሽ ስንት ነው?» ብለህ አትጠይቅ፤ የቻይናው 39 ከቱርኩ 39 አይገጥምም። «እግርሽን ወረቀት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን አስመሪና ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በሴንቲሜትር ላኪልኝ» በል። ከረጢቱን ተወው። «ጋሼ፣ ብራንዲንግ እኮ ነው» አለኝ። ጫማው ሦስት ወር ከቆየ እሱ ራሱ ይመሰክርልሃል፤ በሳምንቱ ሶሉ ከተላቀቀ ግን ከረጢቱ ላይ ያለው ሎጎ ማንን መርገም እንዳለባት ለገዢዋ ማስታወሻ ነው።

ስለ ዕቃ አገባብም ልናገር። ጅምላ ሻጭ ሳትጠይቀው ከቀነሰልህ ጠርጥር። የጎረቤቴ ልጅ «50 ስትወስጂ በግማሽ ዋጋ» ተብላ የስልክ ከቨር ገዝታ መጣች። ከቨሩ ያማረ ነው፤ የሚለብሰው ስልክ ግን ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። በግማሽ ዋጋ የሸጠላትም ለዚሁ ነበር። አሁን አንዱን ከቨር እናቷ የበርበሬ ማንኪያ ማስቀመጫ አድርጋዋለች፤ አርባ ዘጠኙ አልጋ ሥር ነው። አምስት ግዢ፣ ሽጪ፤ ካለቀ አሥር ግዢ። የማያውቁትን ዕቃ በብዛት መግዛት ድፍረት ይባላል እንጂ ንግድ አይባልም። ሰው «ያምራል» ስላለም አትታለሉ፤ «ያምራል» ማለት በነፃ ነው። አንድ ሺህ ላይክ ያገኘ ቀሚስ ሁለት ብቻ ተሽጦ አይቻለሁ፤ ከሁለቱ አንዱን የገዛችው የሻጯ አክስት ናት። ተከታይ ብዛት ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ደግሞ አንድ የማይገባቸው ነገር አለ፤ ባለፈው የተገዛ ዕቃ ነገ በሚገዛበት ዋጋ ነው መታሰብ ያለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲለቀቅ፣ ባንክ 57 ብር ገደማ ይመነዝረው የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በጥቁር ገበያማ ቀድሞም ከዚያ በላይ ይጠራ ነበር፤ መርካቶ ይህን ያውቃል። በዚያ ሰሞን ልጆቹ «ዕቃ አለቀልን!» እያሉ ከበሮ ሊመቱ ደረሱ። በአሮጌ ዋጋ ሸጠው ጨርሰው፣ ብሩን ይዘው ጅምላ ተራ ሲወጡ፣ መቶ ጥንድ ያመጡበት ብር ሰባ አያነሣም። ዕቃ ሸጠው ያተረፉ መስሏቸው ካፒታላቸውን በልተው ነበር። ነጋዴ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን የሚደሰተው ያንኑ መደርደሪያ መልሶ የሚሞላበት ብር እጁ ላይ ሲቀር ነው።

የገንዘብ አያያዛቸውንማ ተዉት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲመጣ «ተመስገን፣ መልስ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር ቀረ» ብዬ ነበር። ልጆቹ ግን የጫማውን ብር፣ የዕቁቡን ብር፣ የታናሽ እህታቸውን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጓደኛቸው ለልደት ያዋጣውን ሁሉ አንድ ቋት ውስጥ ከተቱት። ማታ ይከፍቱና 18,000 ብር ሲያዩ «ሀብታም ነኝ» ብለው ክትፎ ይበላሉ። ከ18,000ው 15,000 የጅምላ ሻጩ ነው፤ ክትፎው የተበላው በሰው ብር ነው። የንግዱን ሒሳብ ለብቻው አድርጉ፤ ሌላ የባንክ ደብተር ማውጣት ወርቅ አያስከፍልም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተርም ግዙ፤ በግራ የወጣ፣ በቀኝ የገባ፣ ሳትተኙ ጻፉ። «አፕ አለ ጋሼ» ይሉኛል። አፑን ጭናችሁ በሦስተኛው ቀን ረስታችሁታል። ደብተር ቢያንስ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ያፈጣል።

ክፍያ መቀበልንም ተማሩ። የዘንድሮ ሌባ መስኮት አይሰብርም፤ ስክሪንሹት ይልካል። «ልኬያለሁ» የሚል ያማረ ሥዕል፣ ከነቀኑ፣ ከነስምህ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ዕቃውን ለሞተረኛ ይሰጣል። ሥዕል ገንዘብ ከሆነማ እኔም በልጅነቴ የላም ሥዕል እሥል ነበር፣ ወተት ግን አልጠጣሁም። አጭር መልእክት መጣ ብላችሁም አትመኑ፤ እሱንም አስመስለው ይልኩታል። ሒሳባችሁን ከፍታችሁ ቀሪውን እዩ፤ ብሩ ካልገባ ዕቃው አይውጣ። ገዢው ሊቆጣ ይችላል። እውነተኛ ገዢ ደቂቃ ቢጠብቅ አይሞትም፤ ሲያጣድፍህ ነው መፍራት።

ስለ ዱቤ ብዙ አልልም። ጓደኛ «አበረታታሁህ» ይልና ላይክ ያደርጋል፣ ከዚያ ደሞዝ ሲወጣ እከፍላለሁ ብሎ ጫማውን አድርጎ ይሄዳል፤ ደሞዝ ሲወጣ በሌላ መንገድ ያልፋል። ጫማህንም ወዳጅህንም በአንድ ቀን ከምታጣ «የኔ ብቻ ቢሆን በሰጠሁህ፣ ሸሪክ አለኝ» በል። ሸሪክ ባይኖርህም በል፤ ይኼን ያህል ውሸት ነጋዴ ይፈቀድለታል።

ሸሪክ ካልኩ አይቀር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ጊዜ ሰው ለብቻው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም አይችልም ነበር። ስለዚህ ሚስቱን ወይ እህቱን ለስሙ ያህል በአንዲት አክሲዮን ያስገባል፤ ሲጣሉ ያቺ አንዲት አክሲዮን ፍርድ ቤት ትቆማለች። በ2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ለአንድ ሰውም ፈቀደ። ስለዚህ ጓደኛን ለማሟያ ማስገባት ቀርቷል። ለጀማሪማ ማኅበሩ ራሱ ምን ያደርግለታል? በግል ነጋዴነት ተመዝግቦ ፈቃድ ማውጣት ይበቃዋል። በእውነት አብራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ አንዱ ልውጣ ሲል እንዴት እንደሚወጣ ጻፉና ፈርሙ። «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» ይሉኛል። ወንድማማች ስለሆናችሁ ነው የምላችሁ፤ ባዕድማ ቢጣላ በፋሲካ አይገናኝም።

«ለኦንላይን ንግድ ፈቃድ አያስፈልግም» የሚል ወሬ ማን እንደነዛ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። በስልክ መሸጥም መሸጥ ነው፤ በ2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የወጣው ይህ ገበያ ሕግ እንዲኖረው ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጡ፤ ፈቃዱንም አሁን ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል፤ እኛ በየወረዳው ደጅ ስንጠና ያረጀነው እናንተን ሰልፍ ለማስጠበቅ አልነበረም። ዕቃ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ። ጅምላ ሻጩ ፊቱን ያጠቁራል፣ «ከፈለግህ ሌላ ቦታ ግዛ» ይላል፤ አውቃለሁ፣ ተራው የኔው ሰፈር ነው። በኅዳር 2017 በደረሰኝ ቁጥጥር የተነሣ መርካቶ ሱቆች ሲዘጉ ያየ ሰው ግን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል። በደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ግብር ሰብሳቢው ፊት ወጪ አይደለም፤ 1,800 ገዝተህ 2,300 ብትሸጥም ማስረጃ ከሌለህ 2,300ው ሁሉ ትርፍ ይመስላል። ተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆናችሁ ደግሞ 15 በመቶው የመንግሥት ነው፤ በእጃችሁ ያለፈ እንጂ የእናንተ አይደለም፣ አትንኩት። ሐምሌ ሲገባ የእህቴ ልጅ «ጋሼ ደህና ነዎት?» ብሎ ይደውላል። በሐምሌ ደህንነቴን የሚጠይቀኝ ለምን እንደሆነ ይገባኛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ሥልጠናው ነው። «በኦንላይን እንዴት ሚሊየነር ይሆናሉ» የሚል ጉባኤ፣ መግቢያው በክፍያ። የእህቴ ልጅ ከፍሎ ገባ፣ ከሰርተፊኬት ጋር ተመለሰ። «ሰውየው ምን ይሸጣል?» አልኩት። «ሥልጠና» አለ። «ሌላስ?» «መጽሐፍ አለው፤ ስለ ሥልጠናው።» አዳራሹ ውስጥ የነበረው ብቸኛ ነጋዴ መድረኩ ላይ የቆመው ነው። ገዢዎቹ ወንበር ላይ ነበሩ። እዚያ የሚከፈለውን ብር ይዞ አንድ ቀን ጠዋት መርካቶ በርበሬ ተራ ወርዶ ሴቶቹ እንዴት እንደሚገዙ፣ እንዴት እንደሚመዝኑ፣ ለማን «አይሆንም» እንደሚሉ ቆሞ ቢያይ፣ በተረፈው ምሳ በልቶ ይመለስ ነበር። ማስነጠሱ ግን አይቀርለትም።

የእህቴን ልጅ ሒሳብ ከሠራን በኋላ ዋጋውን 2,450 አደረገው፤ ገዢ ይሸሻል ብሎ ፈርቶ ነበር፣ ብዙም አልሸሸም። ነፃ ዲሊቨሪውን ግን «ደንበኛ ለምዶታል» ብሎ ለማስቀረት ዛሬ ነገ ይላል። በዚህ መሀል ነው ባለፈው ቅዳሜ በራችን የተንኳኳው። ሞተረኛ ነው። ከመምጣቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ ባለቤቴ ስልክ ላይ ሆና «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ በል፣ ወፍጮ ቤቱን እለፍ፣ አይ አሮጌውን ሳይሆን የተቃጠለውን» እያለች ስትመራው ነበር። ከረጢቱን ሳየው ሎጎውን አወቅኩት። ባለቤቴ የአጎቱ ቤት መሆኑን ሳትናገር፣ በሠራተኛችን ስልክ፣ ከእህቴ ልጅ ጫማ አዝዛለች። አድርጋ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ ተመለሰች፣ አወለቀች። «ፎቶው ላይ ቡናማ ነበር፤ ይኼ ቀላ ይላል። ውሰደው የኔ ልጅ» አለችው።

ሞተረኛው ካርቶኑን መልሶ ማሰር ጀመረ። እኔ አንዴ ካርቶኑን፣ አንዴ ባለቤቴን አየሁ። ከዚያ ኪሴ ገብቼ 400 ብር አወጣሁና ለልጁ ሰጠሁት፤ «ለሻጩ ገዢው ከፈለኝ ብለህ ንገረው» አልኩት።

ባለቤቴ ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ዲሊቨሪው ነፃ ነው እኮ! ምን ነካህ?»